በሁለቱ ጣቶች መሀል

ልጄ ቁጫጭ የአባቷን እጅ ይዛ ነው የተወለደችው። ቁጫጭ የምላት ትንሽ ሆና ስለምትናከስ ነው። የአባቷን እጅ ማለቴ ደግሞ ለማጋነን አይደለም፤ የቀኝ እጄ የመሀልና የቀለበት ጣቶች ከሥር እስከ ጫፍ በአንድ ቆዳ የተያዙ ናቸው፣ የእሷም እንዲሁ። አዋላጇ እጇን ገልጣ ስታሳየን ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ "የዘሬን ብተው ያንዘርዝረኝ ብላ ነው" ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልሳቅሁም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። በእነዚህ ጣቶች ሠላሳ ዓመት መቀስ ይዣለሁ። ስለዚህ "ልጅቷን ሐኪም አሳያት" የሚለኝን ሁሉ "እኔ ምን ጎደለኝ?" እያልኩ አፉን አስይዘው ነበር። የጎደለኝን የማውቀው ግን እኔው ነኝ። ልጅ ሳለሁ እናቴ እጅጌዬን እስከ ጣቴ ድረስ አስረዝማ ትሰፋልኝ ነበር፤ ዛሬም መንገድ ላይ ቀኝ እጄ ከኪሴ አይወጣም። ቁጫጭ አምስት ዓመት ሲሞላት ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ስትለብሰው እጅጌው ጣቶቿን ሸፈናቸው። ባለቤቴ እጅጌውን አየች፣ እኔን አየች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ቀጭን ሴት ናት። ቀስ ብላም ተቆጣችኝ።

"ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነበር ማምጣት የነበረብዎ።"

"ደረቅ ሰው ነኝ፣ ዶክተር።"

ከዚያ በሐምራዊ እስክሪብቶ በቁጫጭ ጣቶች ላይ እንዴት እንደምትቆርጥ አሰመረችልን። መሥመሩ ዚግዛግ ነበር። ባለቤቴ "ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?" ስትል ሐኪሟን ቀድሜ መለስኩ።

"ቀጥ ያለ ስፌት ሲጎተት ይኮማተራል። ጣት ደግሞ የሚታጠፍ ነገር ነው። ጨርቁም አይበቃም። ሁለት እግር በአንድ የሱሪ እግር ውስጥ ኖሮ ለሁለት ቢከፈል ጎኑ ክፍት ይቀራል፤ እራፊ ይፈልጋል።"

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። "እራፊውን ከብሽሽቷ እንወስዳለን። የት ተማሩት?"

"ከሱሪ።"

ሳቀች። ያን ጊዜ ልቤ ተመለሰ።

ያልሳቀችው ቁጫጭ ነበረች። "መንትዮቹን አታለያዩብኝ፣ ይናፈቃሉ" አለች የተያያዙ ጣቶቿን ደረቷ ላይ ይዛ። ከዚያ እጄን ከኪሴ ጎትታ አወጣችና ገለበጠችው። "የአባዬንስ መቼ ነው የምትለያዩት?"

"የኔ አርጅቷል፣ ልጄ። ተዪው።"

"እንግዲያው አንመሳሰልማ!" ከንፈሯን ጣለች። አንጀቴን በላችው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በደበቅሁት እጅ እሷ ስትኮራ ኖራለች፤ አላወቅሁም ነበር።

ቀዶ ጥገናው ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ቁጫጭ እጇ እስከ ክርኗ ተጠቅልሎ ወጣች። ሐኪሟ ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችን።

"ለሁለት ሳምንት አይነካ። በሁለቱ ጣቶች መሀል ቅባት የተቀባ ጨርቅ አድርጌያለሁ፤ ሥራዬን የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። ያልዳነ ቆዳ ካልዳነ ቆዳ ጋር ከተገናኘ ተመልሶ ይጣበቃል። ያኔ ሁሉም ነገር እንደገና ነው።"

"ገብቶኛል" አልኩ። ለልብስ ሰፊ ይሄ ይነገራል?

በዘጠነኛው ቀን ባለቤቴ ሥራ ሄዳ ሳለ ቁጫጭ "በላኝ፣ በላኝ" እያለች ታለቅስ ጀመር። ትንሽ ላላላት ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ ስፌቱን ማየት ፈልጌ ነበር። ሰፊ የሌላውን ሰፊ ሥራ ሳያገላብጥ አያልፍም። መቀሴን አንስቼ ፈታሁት። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ፤ ከፀጉር በቀጠነ ክር፣ አንዱ ካንዱ ሳይበላለጥ! ይህን ሳደንቅ መሀል ላይ የነበረው ጨርቅ ቆሽሾ ከእጄ ጋር መጣ። ጣልኩት። እሷ ስታለቅስ ቸኮልኩና ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን አድርጌ በንጹሕ ፋሻ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳቸው። ጥቅልሉ ደግሞ ሲያምር! በራሴ ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሌታ ስሠራ ኮሌታ የሚያጠነክሩትን ሁለት ሙጫማ ጨርቆች ደራርቤ ካውያ አሳረፍኩባቸው። መሀላቸው ወረቀት ማድረግ ረስቻለሁ። ባነሳቸው ተጣብቀዋል። ብጎትት አይለቁም። ትናንት ከጣቶቿ መሀል አውጥቼ የጣልኩት ጨርቅ ትዝ አለኝ። ካውያውን ነቅዬ ቁጫጭን አዝዬ ሮጥኩ።

ያደረግሁትን ለሐኪሟ ነገርኳት። የቁጫጭን እጅ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ ፋሻውን ፈታች።

"ከሥራቸው መያያዝ ጀምረዋል።"

ቀስ ብላ አላቀቀቻቸው። ደማ። ልጄ ጮኸች፤ የጮኸችው ደግሞ "አባዬ!" ብላ ነው፣ ይህን ያደረግሁባትን እኔን። ሐኪሟ አዲስ ጨርቅ መሀል አግብታ ጠቀለለችና ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ እርስዎ የሰፉትን ኮት ፈትቼ አውቃለሁ?"

"አያውቁም።"

"እራፊው መትረፉ በሳምንቱ ይታወቃል።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሁለት ቀን ዘጋችኝ፤ በሦስተኛው "የሚጠቀለለውስ ያንተ እጅ ነበር" አለችኝ። መቀሴን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቼን "ነገ" እያልኩ አባረርኩ፤ ጨርቅ ለመቁረጥ እጄን አላመንኩትም።

ቀኑ ሲደርስ ፋሻው ሲፈታ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይግለጡ እንጂ" አለችኝ ሐኪሟ።

እራፊው ሮዝ ሆኗል፣ ተርፏል። ሁለት ጣቶች፣ ለየብቻ። ከሥራቸው ብቻ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቆዳ ወደ ላይ ተስባ ቀርታለች።

"ይቺ የእርስዎ ፊርማ ናት" አለች ሐኪሟ። "አታስቸግራትም። ለጥቂት ወራት ግን ስትተኛ መሀል ላይ ለስላሳ ጨርቅ ይኑር።"

ቁጫጭ አንዱን ጣት አጠፈች፣ ዘረጋች። ሌላውን አጠፈች። ፊቷ ሊያለቅስ ይሁን ሊስቅ አልለየለትም። ከዚያ ወደ ኪሴ እጇን ሰደደችና እጄን አወጣች። የተያያዙ ጣቶቼን ጫፍ በሁለቱ ጣቶቿ መሀል ሻጥ አደረገች። ጥፍሮቹን ብቻ ነው የያዘችልኝ፤ የኔ ጣት ለእሷ ክፍተት ይገዝፋል።

"ጨርቅ አያስፈልግም" አለቻት ሐኪሟን። "የአባዬ መንትዮች አሉ። መሀላቸው ይሆናሉ፣ አይናፈቁም።"

አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ቀኝ እጄን ከኪሴ ውጭ አድርጌ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።