የትውልድ ቦታ፦ መካነ ኢየሱስ

ገብስ እያበራየሁ ነበር። አንዲት ሴት ከባጃጅ ወርዳ አውድማው ድረስ በእግሯ መጣች። አዜብ እባላለሁ አለችኝ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፤ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን መሪዎችን ታሪክ የሚጽፍ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች።

«አባባ፣ የመሪጌታ በላይነህ ልጅ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የቄስ ደምሌ ወንድም?»

በሬዎቹን አቆምኩ። ከአርባ ዓመት በላይ ያንን ስም እዚህ አውድማ ላይ የጠራ ሰው የለም።

«ቄስ አልሽው? ቅስና ማን ሰጠው?»

«ቤተ ክርስቲያናችን። ኋላም የሲኖዶሳችን ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዓምና ነው ያረፉት።»

«ሲኖዶስ ጳጳስ እንጂ ፕሬዚዳንት የለውም።»

«የእኛ አለው፣ አባባ።»

ዓምና አለች። የማውቅ መስሏት ነው።

የአባቴን ፎቶግራፍ ፈልጋ ነው የመጣችው። ፎቶግራፍ የለም አልኳት። ሊታተም የተዘጋጀ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ፦ «ቄስ ደምሌ በላይነህ ከመካነ ኢየሱስ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በአካባቢው የቤተ ክርስቲያኒቱ ቀደምት አገልጋይ ነበሩ።»

ደግሜ አነበብኩት።

«የየትኛዋ ቤተ ክርስቲያን?»

«የእኛ። የመካነ ኢየሱስ።»

«ባጃጁን የተሳፈርሽበት ከተማ ስሙ ማነው?»

«መካነ ኢየሱስ።»

«እንግዲያውስ?»

ወረቀቱን አየች። የመጣችበትን መንገድ ዞራ አየች።

ደምሌ ቅጽ ሲሞላ በገዛ እጁ «የትውልድ ቦታ፦ መካነ ኢየሱስ» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ልክ ነው፤ የእስቴ ሰው ሌላ ምን ይጽፋል? ቢሮ የተቀመጡት ግን መካነ ኢየሱስ ሲባል የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንጂ ከተማችን አይታያቸውም። ከተማውን ምእመን አደረጉት። አባቴንም አብረው። አባቴ አርባ ዓመት ዜማ ያስተማረ መሪጌታ ነው። መቃብሩ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ነው። ይህ ወረቀት ታትሞ እዚህ ቢደርስ አጥንቱን አውጡ የሚል ሰው አይጠፋም።

«ሰርዢው።»

«እኔ ብቻዬን አልችልም። የቤተሰብ ቃል በጽሑፍና በፊርማ ካልያዝኩ አለቃዬ አይቀበሉኝም። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ባለቤቴ እናትነሽ ጠላ ይዛ መጥታ ከጀርባችን ቆማ ኖሯል።

«ወንድሙ ነኝ ብለህ ልትፈርም?» አለች። «ተዝካሩን የበላው አገር ምን ይበልህ?»

«የምን ተዝካር?» አለች አዜብ።

መናገር ነበረብኝ። ደምሌ አስተማሪ ሆኖ ወለጋ ሄደ። ሃይማኖቱን ለወጠ የሚለው ወሬ በሰባ ዓመተ ምሕረት ደረሰን። አባቴ «ልጅ የለኝም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ለሰው ምን እንበል ሲባል፣ ሶማሌ ጦርነት ዘምቶ ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ። ሞተ ከተባለ ተዝካር አለ። ወይፈን አረድን፤ አገሩ በላ። በፍትሐቱ ቀን አባቴ አመመኝ ብሎ ተኛ። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ያውቃል።

አዜብ ገጽ ገለጠች።

«በሰባ እስር ቤት ነበሩ። መሪዎቹ ሲታሰሩ እሳቸውንም ሁለት ዓመት አስረዋቸዋል። ጠያቂ አልነበራቸውም።»

ለምን ጠያቂ አልነበረውም ልላት ስል ወይፈኑ ትዝ አለኝ።

«እሑድ እሑድ ከስብከታቸው በፊት በግዕዝ ይጸልዩ ነበር» አለች። «ሕዝቡ አንድም ቃል አይገባውም። ተዉ ሲባሉ፣ አባቴ ያስያዘኝ ነው፣ አልተውም ይላሉ።»

«ግትር ነው።»

«በጣም።»

«እስክሪብቶ አምጪ።»

እጄን ከገለባ ጠርጌ ጻፍኩ፦ «መሪጌታ በላይነህ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ኖሮ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሞተ። ሌላ እምነት አልያዘም። ይህን የመሰከርኩ እንየው፣ የአገር ሰው።»

አዜብ አነበበችና መለሰችልኝ።

«የአገር ሰው አይበቃም፣ አባባ።»

«እውነቱ ተጽፏል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የቤተሰብ ቃል ነው የተባልኩት። የአገር ሰው ከሆኑ ወረቀቱ እንደነበረ ይታተማል።»

እናትነሽ ታየኛለች። «የአገር ሰው» የሚለውን ሰርዤ «ልጁ» አልኩ። እስክሪብቶውን ልመልስ ስል አዜብ እጇን አልዘረጋችም። «የደምሌ ወንድም» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

«የትውልድ ቦታውንስ ልለውጠው?»

«ለምን ይለወጣል? እሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ከአጠገቡ የእስቴ ከተማ ብለሽ ጨምሪ። በትልቁ ጻፊው።»

በትልቁ ጻፈችና ሄደች። ባጃጁ ከታጠፈ በኋላ እናትነሽ ጠላውን ሰጠችኝ።

«እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ለሰዉ ምን ልትል ነው?»

«ወንድሜ ዓምና ሞተ እላለሁ።»

«ሁለት ጊዜ ሞተ ልትል?»

«አንድ ጊዜ። ዓምና።»

«ወይፈናችንን መልሱ ትላቸዋለህ ደግሞ።»

እኛ ስናወራ በሬዎቹ ገብሱን እየበሉ ነበር። ጅራፌን አንስቼ ነዳኋቸው።