የአንድ ሰው ቲኬት

አረጋሽ ስልኳ ላይ «ክፈል» የሚለውን ልትጫን ስትል ልጇ ኤልዳና እጇን ያዘቻት።

«ማም፣ ዌይት! ይሄ የባቡር ቲኬት እኮ ከተማው ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤርፖርቱ ከዞኑ ውጪ ነው።»

«የሙኒክ ኤርፖርት ሙኒክ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«ኖ፣ ሩቅ ነው። ልክ እንደኛው።»

አረጋሽ በረጅሙ ተነፈሰች። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቲኬት ስትቀበል ትውላለች። ለራሷ ግን የባቡር ቲኬት ቆርጣ አታውቅም፤ ከምትኖርበት ከአውሮራ ሥራ የምትገባው በመኪናዋ ነው። ነገ ትበራለች። ሙኒክ ያለችው ታናሽ እህቷ ምንትዋብ በኦፕራሲዮን ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ሻንጣው ወለሉ ላይ ተከፍቶ የአጥሚቱ ዱቄት ከላይ ተቀምጧል።

ስልኩ ጠራ። የምንትዋብ ባል ምናሉ ነው።

«እህት ዓለም፣ ስንት ሰዓት ነው የምታርፊው? መጥቼ እቀበልሻለሁ።»

«አትምጣ። በባቡር እመጣለሁ።»

«ኧረ ነውር ነው! ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ብቻውን በባቡር? ግድ የለም፣ ለሁለታችንም የሚሆነውን የግሩፑን ቲኬት ቁረጪ። እዚያ እጠብቅሽና አብረን እንመለሳለን።»

«ምንትዋብን ለማን ትተህ?»

«ቶሎ እመለሳለሁ። እሷም ትተኛለች።»

ባሏ በድሉም ያኔ እንዲሁ ነበር ያለው። ኤልዳና በተወለደች ሰሞን፣ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ልቀበል ብሎ ኤርፖርት ሄደ፤ በረዶ ጥሎ መንገድ ላይ ቀረ። አረጋሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች። ስትነቃ የሕፃኗ ለቅሶ ይሰማታል፣ መነሳት ግን አልቻለችም። ዛሬም ስታስበው ያንገበግባታል። ወሬውን ሲሰማ የነበረው በድሉ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ አቀረቀረ።

«ስማኝ ምናሉ» አለች። «እንግዳ አለመቀበል ነውር ነው፣ ልክ ነህ። አራስ ብቻዋን ጥሎ መውጣት ግን ይብሳል። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እግር አለኝ።»

«ብትጠፊስ?»

«ጠይቄ እመጣለኋ! አንተ ብቻ ከአጠገቧ ንቅንቅ እንዳትል።»

ስልኩን ዘጋች። ኤልዳና ኤርፖርቱን የሚጨምረውን የቀን ቲኬት አውጥታ፣ የምትደርስበትን ቀን ሞልታ ስልኩን ሰጠቻት። «አንድ ሰው» ወይስ «ግሩፕ» ይላል። ግሩፑ ላይ ዓይኗ ቀረ። እሱን ብትነካ ምናሉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ የማታውቀው ከተማ፣ የማታውቀው ቋንቋ አያስጨንቃትም። ፈርታለች። «አንድ ሰው» የሚለውን ተጫነችና ከፈለች።

በድሉ ቀና አለ። «እኔ ግን ነገ ኤርፖርቱ ውስጥ ድረስ ገብቼ ነው የምሸኝሽ።»

«አይሆንም» አለችው ሻንጣዋን እየዘጋች። «የኤርፖርቱ ባቡር የሚያልፍበት ሴንትራል ፓርክ ጣቢያ አውርደኝና ተመለስ። ብቻዬን በባቡር መሄዱን ከዚሁ ልጀምረው።»