የቀኙ ማዞሪያ

ሠርካዲስ ኢታና አሥራ አንደኛ ክፍል በነበረችበት በ1980 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መምህር ዓምሃ ለክፍሉ ሁሉ አንድ የቤት ሥራ ሰጡ። በዓለም ላይ አዲስ የመጣ አንድ ነገር መርጦ፣ አጥንቶ፣ ክፍል ፊት ቆሞ ማስረዳት ነው። አብዛኛው ተማሪ ሳተላይትና ትራክተር መረጠ። ሠርካዲስ የቪዲዮ ጌም ውድድርን መረጠች።

ሐሳቡን ያገኘችው ስኳር ተጠቅልሎበት ከመጣ የውጭ መጽሔት ገጽ ላይ ነበር። ሥዕሉ ላይ አንድ ትልቅ አዳራሽ ሙሉ ወጣቶች ስክሪን ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ዋንጫ ከፍ አድርጓል። በመዝገበ ቃላት እየታገዘች እንዳነበበችው፣ ለጊዜ ማሳለፊያ የተጀመረው ጨዋታ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዳኛና ተመልካች ያለው ውድድር ሆኗል።

መምህር ዓምሃ ረቂቁን መምህራን ማረፊያ ውስጥ አነበቡት። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ርእሱ ጥሩ ነው። ግን የአሜሪካን ወጣት ብቻ እያደነቅሽ አትጨርሺ። መግቢያው ላይ ስለ ሶሻሊስት አገሮች ቼዝ ትንሽ አስገቢ።»

«ቼዝ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ቲቸር?»

«ምንም። አንቺ ብቻ አስገቢው።» ወረቀቱን መለሱላት። «ደግሞስ አንቺ ተጫውተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ያላየሽውን ነገር እንዴት ታስረጃለሽ?»

ቁስቋም ዳገት ላይ ባለው ሰፈራቸው ጨዋታው ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እትዬ ጌጤ ቤት። መርከበኛው ወንድሟ ነው ለአንድ ልጇ ለደበላ ያመጣለት። ደበላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ በአፈሳ ተይዞ ወደ ጦር ሜዳ ተወሰደ። በመጋቢት አፋቤት ላይ ሠራዊቱ ካለቀ ወዲህ ደግሞ ድምፁ ጠፋ። ሬዲዮኑ ስለ አፋቤት ምንም አላለም፤ ሰፈሩ ግን ያውቃል። ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ እትዬ ጌጤ «ማን ሞተና?» ብላ በር ላይ ትመልሰዋለች። ከሰዓት በኋላ፣ የጽዳት ሥራዋን ጨርሳ ከጳውሎስ ሆስፒታል ስትመለስ፣ ከቤቷ የጨዋታው ድምፅ ይሰማል። ጢክ፣ ጧ። ጢክ፣ ጧ። «ብቻዋን ትጫወታለች» ይላሉ ሰዎቹ፤ ከዚያ ወሬ ይለውጣሉ።

ሠርካዲስ በሩን አንኳኳች።

«እትዬ ጌጤ፣ እንደምን ዋሉ? ለትምህርት ቤት... ማለቴ፣ ያንን ጨዋታ አንዴ ባየው ብዬ ነው።»

ሴትዮዋ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «ለትምህርት ከሆነ ግቢ።»

ቴሌቪዥኑ ጥልፍ ዳንቴል ለብሷል። ፊት ለፊቱ ሁለት ወንበሮች አሉ። በቀኙ ወንበር ላይ የታጠፈ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ደግሞ ባለ ረጅም ሽቦ ማዞሪያ ተቀምጧል።

«እዚያ ላይ አትቀመጪ፣ የደበላ ነው። የግራውን ያዢ።»

ስክሪኑ ጠቆረና በግራና በቀኝ አንዳንድ ነጭ መስመር ወጣ። ማዞሪያው ሲዞር መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እንደ ቴኒስ ኳሷን መመለስ ነው። ሠርካዲስ የመጀመሪያዋን ኳስ መለሰች። ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች። ማንም የማይዘው የቀኙ መስመር ተንቀጠቀጠ። ተንሸራትቶ ከታች ጥግ ላይ ቆመ። ኳሷ የምትሄደው ወደ ላይ ነበርና ሠርካዲስ ነጥብ አገባሁ ብላ ፈገግ ስትል፣ መስመሩ ድንገት ዘሎ ወጣና መለሳት። ጢክ።

ወንበሩን አየች። ማዞሪያው ሹራቡ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ አልዞረም።

«እትዬ... ማነው የሚጫወተው?»

«ማን ይሆናል?» አለች እትዬ ጌጤ። ፊቷ በርቷል። «እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ጥግ ይዞ ያዘናጋሽና ይዘላል። ከሥራ ስገባ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም ነበር። እኔ ጀርባውን ነው የማየው።»

ሠርካዲስ ተሸነፈች። አመስግና ወጣች፤ ቁልቁለቱን እስከ ቤቷ በሩጫ ወረደች።

አባቷ አቶ ኢታና ጸሎተኛ ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ከጥቂት ወንድሞች ጋር ሳሎናቸው ውስጥ በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት። ነገሩን ሁሉ ሰሟት።

«ሽቦው ተበላሽቶ ይሆናል» አሉ።

«ሽቦ ኳስ ይመልሳል፣ አባዬ?»

 «ፈርተሻል?» ብለው ጠየቋት።

«በጣም።»

«እሷስ?»

«እሷ አትፈራም። ደስ ብሏታል።»

አቶ ኢታና አገጫቸውን አሹ። «እኔ እጸልያለሁ። አንቺ ግን ብቻዋን አትተያት።»

ሠርካዲስ ስለዚህ ተመላለሰች። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ እትዬ ጌጤ ቤት ትሄዳለች፣ ትጫወታለች፣ ትሸነፋለች። ሰው ጨዋታን ለምን ወደ ውድድር እንደሚለውጠው የገባት እዚያ ወንበር ላይ ነበር። አንድ ቀን አሸንፈዋለሁ የሚል እልህ ፍርሃቷን አስረሳት። ፍርሃቷ ተመልሶ የመጣው ሌላ ነገር ስታስተውል ነው። የቀበሌ ጥበቃ ጓዶች ከውጭ ኮረቱን በቦት ጫማ እየረገጡ ሲያልፉ፣ የቀኙ መስመር ወደ ስክሪኑ ጫፍ ይሮጥና እዚያ ይጣበቃል። ጫማው እስኪርቅ አይወርድም። ኳሶቹ ዝም ብለው ያልፋሉ። እትዬ ጌጤም በዚያን ጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች። «አይዞህ፣ አልፈዋል» ትለዋለች በኋላ።

የማስረዳቱ ቀን ሲደርስ ሠርካዲስ ጨዋታውን ለክፍሉ ለማሳየት ለመነቻት።

«አይሆንም» አለች እትዬ ጌጤ መጀመሪያ። በማግስቱ ግን ራሷ ሠርካዲስን መንገድ ላይ ጠበቀቻት። «አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ ነው የወሰዱት። ይሂድና ክፍሉን ይይ። ግን እኔም እመጣለሁ፤ የሱን ማንም እንዳይነካው።»

ትምህርት ቤቱ ለቴሌቪዥን ትምህርት የሚጠቀምበት አንድ ቴሌቪዥን ነበረው። ሠርካዲስ ፊቱ ቆማ መጀመሪያ ስለ ቼዝ ተናገረች፤ ማንም አላዳመጣትም። ስለ አዳራሾቹና ስለ ዋንጫዎቹ ስትናገር ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። እትዬ ጌጤ የኋላ ዴስክ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። የቀኙ ማዞሪያ በሹራቡ ላይ፣ ባዶ ወንበር ላይ ነው።

«አሁን ውድድሩን እናሳያችኋለን» አለች ሠርካዲስ። «በቀኝ በኩል ሰው አይቀመጥም።»

ተማሪው ሳቀ። የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቹ አድነው እጅጌውን ሰብስቦ ወጣ። ሳቁ የቆየው የቀኙ መስመር ጥግ ይዞ እስኪዘል ድረስ ነበር። አድነው ተሸነፈ። እንደገና ሞከረና እንደገና ተሸነፈ። በመጨረሻ ማዞሪያውን እንደሚያቃጥል ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች ዴስካቸውን ወደ ኋላ ገፉ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

ጫጫታውን ሰምተው የፊዚክስ አስተማሪው መምህር ስለሺ ገቡ። ደግና ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ መፍራታቸው አሳዘናቸው።

«ምን ጉድ ነው ይሄ ሁሉ? አቧራ ነው እኮ! ውስጡ ሲቆሽሽ መስመሩ በራሱ ይዘላል። ቆዩ፣ አሳያችኋለሁ።»

«ቲቸር፣ እባክዎ ተዉት» አለች ሠርካዲስ። እሳቸው ግን በጋዋናቸው ኪስ ብሎን መፍቻ ይዘው ነበር። ማዞሪያውን ፈቱ፣ ውስጡን በአልኮል ጠረጉ፣ መልሰው ገጠሙት። እትዬ ጌጤ ከኋላ ዴስክ ተነሥታ ሳትደርስባቸው ጨርሰው ነበር።

«እንግዲህ ሞክሩት!»

ኳሷ ወደ ቀኝ ሄደች። መስመሩ መሐል ላይ ደርቆ ቆሟል። ኳሷ አለፈች። ሌላም አለፈች። ክፍሉ በእፎይታ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ሠርካዲስ ወደ ኋላ ዞረች፤ እትዬ ጌጤ አልነበረችም።

ከአባቷ ጋር ሆና ዕቃውን ስታደርስ እትዬ ጌጤ በሩን ከፈተች። ሹራቡን ብቻ ተቀበለቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ሄዷል በቃ።»

ግድግዳው ላይ ተደግፋ ማዞሪያውን አየችው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ድንኳን ተጣለ። ያን ሁሉ ጊዜ በር ላይ የተመለሰው ጎረቤት ገብቶ አለቀሰ። እትዬ ጌጤ ጥቁር ለበሰች፣ ራሷን ተላጨች። ሠርካዲስ ከፍተኛ ማርክ አግኝታ ነበር፤ ወረቀቱን ለአባቷ እንኳ አላሳየችም።

ክረምቱ አለፈ። በጥቅምት፣ ፀሐይዋ ገና ዘቅዘቅ ስትል፣ አንድ ሰው በክራንች ዳገቱን ወጣ። አንዱ የሱሪው እግር ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ጉልት የተቀመጡት ሴቶች አይተውት ሸሹ። ደበላ ነበር።

አሥመራ ሆስፒታል ነው የከረመው፤ ልኬ ነበር ያለው መልእክት ሁሉ አልደረሰም። እናቱ ከነጥቁር ልብሷ ተጠመጠመችበት። ያለቀሱለትን ሰው ለማየት ሰፈሩ ሁሉ ጎረፈ። ሠርካዲስ ግን ለመምጣት ድፍረት ያገኘችው ሰዉ ከቀነሰ በኋላ ነው።

«ያቺ ተፎካካሪዬ አንቺ ነሽ?» አላት ደበላ እየሳቀ። እናቱ ሁሉን ነግራዋለች፤ አላመናትም። ጨዋታውን ከአልጋ ሥር አስወጥቶ በቀኝ ወንበር ተቀመጠ። «ነይ፣ እንተያይ።»

ተጫወቱ። ደበላ መስመሩን መሐል ላይ ያቆማል፤ በጥቂቱ ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ታግሶ ይመልሳል። ሠርካዲስ በቀላሉ አሸነፈችው። እጇን ከማዞሪያው አነሣች። 

«ጥግ አትይዝም?»

«የምን ጥግ? እኔ ሁልጊዜም መሐል ነው የምቆመው።»

እትዬ ጌጤ ከበሩ በኩል ቀረብ አለች። «አንተ ነህ እንጂ ጥግ ይዘህ የምትዘለው! በዓይኔ አይቼ!»

«ጥግ ይዞ ይዘላል» አለች ሠርካዲስ ቀስ ብላ። «ውጭ ቦት ጫማ ሲሰማ ደግሞ ወደ ላይ ሮጦ ይጣበቃል። እስኪያልፉ አይወርድም።»

የደበላ ፊት አመድ መሰለ። 

«በዳሳ ነው።»

በዳሳ ከእንጦጦ ጀርባ ካለ መንደር ወርዶ ግንብ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት የሚውል ልጅ ነበር። ዝናብ ሥራ ሲያቆምበት እዚህ ይመጣል፤ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እትዬ ጌጤ ከሥራ ስትገባ የምታየው ጀርባ አንዳንዴ የሱ ነበር፤ አፍሮ ቀና አይልም፣ እንደመጣም ሹልክ ብሎ ይሄዳል። በአፈሳው ቀን ሁለቱን አብረው ነው የያዟቸው።

«በሥልጠናው ላይ እንኳ ጫማ ሲሰማ ይደነግጥ ነበር» አለ ደበላ። «አፋቤት ላይ ከጎኔ ወደቀ። አልቀበርኩትም፤ እግሬ ተመትቶ ነበር። ለእናቴ ንገርልኝ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ተቀምጫለሁ፤ ሴትዮዋን በምን ዓይኔ ልያት?»

እትዬ ጌጤ የቀኙን ወንበር መደገፊያ ይዛ ቆመች። ያን ሁሉ ወራት «በላህ ወይ? በረደህ ወይ?» ያለችውን ሁሉ የምታስታውስ ትመስል ነበር።

«ያለቀስኩት ለሰው ልጅ ነው» አለች። «እናቱ ግን እስካሁን አላለቀሰችም። ስሟ ማነው?»

«ሾዴ።»

«እንግዲህ ሳይነጋ እንነሣለን። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው።»

ጎሕ ሲቀድ ተነሡ። ደበላ በጎረቤት በቅሎ፣ እትዬ ጌጤ፣ አቶ ኢታናና ሠርካዲስ በእግር፣ በእንጦጦ ማርያም በኩል አልፈው ወደ ጀርባው ቁልቁል ወረዱ። ጉሙ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተኝቷል። ከመንደሩ ሲደርሱ ደበላ በዳሳ የነገረውን ምልክት እያየ አንዲት ጎጆ አሳያቸው።

አቶ ኢታና ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ሾዴ ጋቢዋን ደርባ ቆማለች፤ ከእንቅልፍ የተነሣ ሰው አትመስልም። ክራንቹን አየች። ከዚያ እትዬ ጌጤ ገና ያላወለቀችውን ጥቁር ልብስ አየች፤ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ ጌጤ አጠገቧ ተቀመጠች። እጇን ያዘችና በኦሮምኛ፣ በዝግታ፣ ልጅሽ እኔ ቤት ሰንብቷል ብላ ጀመረች።