የወሩ ምርጥ ሠራተኛ

«ከሰልስቱ በኋላ ሥራ አልገባም፤ በቃኝ» አለች ጽጌማርያም፣ የንፍሮውን ሰፌድ ድንኳኑ ጥግ እያስቀመጠች። ልጇን አዝላለች። ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ ፋና ግን ፍራሹ ላይ አንገቷን ደፍታ እንደተቀመጠች ሰማቻት።

ፋና አባቷን ከቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጋሽ በእውቀቱ ላሊበላ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል የክፍሎች ኃላፊ ሆነው አርጅተዋል። ሲታመሙ የተካቻቸው ራሷ ፋና ናት፤ አዲስ አበባ የሆቴል ሙያ ተምራ፣ ደንብ ጭና መጣች። ጽጌማርያም ደግሞ ከአልጋ አንጣፊዎቹ ሁሉ እጀ ቀልጣፋዋ ናት። እሷ ከሄደች ሌሎቹም ይከተሏታል፤ ጋሽ በእውቀቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት ሰው በፋና እጅ ሊበተን ነው።

«ኧረ ተይ!» አሉ የፋና አክስት፣ እትዬ የሺሃረግ፣ በሹክሹክታ። «ፋና ምርጥ ሠራተኛ ብላ ፎቶሽን ግድግዳ ላይ ሰቅላልሽ?»

«ፎቶው ይቅርብኝ፣ እትዬ። ፎቶ የተነሳሁ ቀን ደረቴን ለምን እንዳቀፍኩ ያውቃሉ? ወተቴ ዩኒፎርሜን አርሶት ነው። ልጄ ቤት ያለቅሳል፤ እኔን ፈገግ በይ ይሉኛል።»

ፋና ክው አለች። ፎቶውን ያነሳቻት ራሷ ናት። ጽጌማርያም እጆቿን አጣምራ ስትቆም «ዓይን አፋር!» ብላ በልቧ ስቃባታለች። አዋቂ መሆኗ ነው!

በአባቷ ጊዜ ጽጌማርያም ቀትር ላይ ቤቷ ወርዳ አጥብታ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን እንግዶች ከይምርሐነ ክርስቶስ አቧራ ጠጥተው ተመለሱ፤ ክፍሉ አልተዘጋጀም። ያኔ አባቷን ልትጠይቅ የመጣችው ፋና በሩን ከፍታ ብታይ፣ ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እያቃሰቱ አንሶላ ያነጥፋሉ።

«አባዬ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው? ሠራተኛዋስ?»

«ልጇ ዘንድ ናት። አንሶላ ቢቆይ አይራብም።»

ፋና ስትሾም የምሳ ዕረፍት ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ ከግቢ መውጣትም ቀረ። በምትኩ ሠራተኛው ይነቃቃ ብላ «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» የሚል ሽልማት አመጣች። አባቷ በከዘራ ተደግፈው ሆቴሉን ሊያዩ በመጡ ቀን፣ ፎቶው ፊት ቆመው የጽጌማርያምን የተጣመሩ እጆች አዩና «ልጄ፣ አውርጂው» አሏት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ቦታዬን ተቀማሁ ብለው የከፋቸው መሰላት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ! አሁን ልትጠይቃቸው አማራት፤ እሳቸው ግን አፈር ገብተዋል።

ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ማልቀስ ጀመረ። ከአሸተን ተራራ በኩል የመጣ ለቀስተኛ ድንኳኑን እየሞላው ስለነበር፣ ጽጌማርያም እሹሩሩ እያለች ሰፌዱን መልሳ አነሳች። ፋና ብድግ አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ አያስተናግድም።

«ምነው ልጄ፣ ነውር ነው! ተቀመጪ!» አሉ አክስቷ።

«ነውሩንስ ቀደም ብዬ ሠርቼዋለሁ፣ አክስቴ» አለች ፋና። ሰፌዱን ከጽጌማርያም እጅ ተቀብላ ለጎረቤት ሰጠችና፣ ጽጌማርያምን ራሷ በተነሳችበት ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት።

«አጥቢው።»

ጽጌማርያም በሰው ፊት አፍራ አመነታች። በኋላ ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችው፤ ለቅሶውም ቆመ። ጥቂት ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «ሰልስቱ ሲያልፍ ስንት ሰዓት ልግባ?» አለች።

«እሱ ሲጠግብ።»

ፋና ከቀብሩ ጀምሮ እንባ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን «አባዬ!» አለችና እንባው መጣላት። እያለቀሰች ወገቧ ላይ የታሰረውን የሐዘን ነጠላ ፈታች፤ ነፋሱ እንዳያገኛቸው እናትና ልጁን አለበሰቻቸው።