አገዳው የማን ነው

1.

መሬቱ አልታረሰም። ዘንድሮ አይታረስምም።

ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ቅጽ ላይ ነው፦

የማሳው ባለቤት፦ ወ/ሮ ይታይሽ ጫኔ
ስፋት፦ ሁለት ጥማድ
ሰብል፦ በቆሎ
ስንት ጊዜ ይታረሳል፦ ዜሮ

እኔ የቀበሌው የሰብል ባለሙያ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው።


2. አሠራሩ

በቆሎሽን ሰብስቢ። አገዳውን አታቃጥዪ፤ እዚያው ማሳው ላይ አጋድሚው። አፈሩን አትገልብጪ። ሰኔ ላይ በዶማ ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረሽ ዝሪ።

አገዳው እርጥበት ይይዛል፤ ዝናብ ቢዘገይ ቡቃያው ቶሎ አይደርቅም። ያልተገለበጠ አፈር ደግሞ የያዘውን ካርቦን ቶሎ ወደ አየር አይለቅም።

(በገበሬዎች ስልጠና ላይ ይህን የመጨረሻውን ስነግራት እትዬ ይታይሽ፣ እሱስ ይሁን፣ በሬ ያስፈልጋል ወይ አለችኝ። አያስፈልግም አልኳት። እሺ ያለችው ያኔ ነው።)


3. ለምን ስለ በሬ ጠየቀች?

ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። እዚህ ሴት እርፍ አትጨብጥም። ስለዚህ መሬቷን የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ልየው በበሬዎቻቸው ያርሱላትና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የእሷ ግማሽ ሦስት ልጆቿን እስከ ግንቦት እንኳ አያደርስም።

ካልታረሰ እኩል የለም። ሙሉው የእሷ ነው።


4. ስህተት

የእኔ ነው።

ሁሉን ጠይቄ ነበር፦ የአፈሩን ዓይነት፣ ተዳፋቱን፣ ዝናቡን። አገዳው የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እዚህ እህል ከተነሣ በኋላ የማንም ከብት የማንም ማሳ ገብቶ ይበላል። የሚያስፈቅድ የለም። መከልከል ነውር ነው።

ይህን ያወቅሁት ጥር ላይ፣ የአቶ ልየው አራት ከብቶች በማሳው ጥግ አገዳ ሲበሉ ሳይ ነው።


5. ያቀረብኩት መፍትሔ

አጥር።

ይታይሽ ሳቀች። በልጆቿ አጎት ላይ እሾህ አጥራ፣ ለቅሶ ቤት ስታገኛቸው በየትኛው ዓይኗ እንደምታያቸው ጠየቀችኝ።


6. ከተበላስ?

አፈሩ ይራቆታል። በጋው ያደርቀዋል። ሰኔ ላይ ዶማ አይደፍረውም።

በሬ ይደፍረዋል።

እኩል።


7. በማግስቱ ጠዋት፣ ማሳው ዳር

ይታይሽ፦ አያ ልየው፣ ከብቶቹን መልስልኝ።

ልየው፦ ምን አደረጉሽ?

ይታይሽ፦ አገዳውን ለመሬቱ ብዬ ነው የተውኩት።

ልየው፦ ዘንድሮ መሬትም አገዳ መብላት ጀመረ?

ይታይሽ፦ ጀመረ። ባለሙያዋን ጠይቃት።

ልየው፦ በሬዎቼ ስልጠናውን አልወሰዱማ።

ሁለቱም ሳቁ። ቀድማ ያቆመችው እሷ ናት።

ይታይሽ፦ ይኸ ከተበላ ሰኔ ላይ መጥቼ እለምንሃለሁ። አንተም ታርስልኛለህ፤ እምቢ እንደማትል አውቃለሁ። ልጆቼ ግን ግማሽ ይበላሉ።


8.

አቶ ልየው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። የበሬዎቻቸው ጎድን ከሩቅ ይቆጠራል። በዚያ ወር በቀበሌው ውስጥ ከአገዳ ሌላ መኖ አላየሁም።

ዱላቸውን አግድመው ከብቶቹን አቆሙ። ከዚያ ወደ ይታይሽ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። እሺ፣ እመልሳቸዋለሁ። እስከ ክረምት ምን ይብሉ?»

ይታይሽም ወደ እኔ ዞረች።


9.

የስልጠናው መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ ስለ መኖ የሚናገር ገጽ እንደሌለው አውቃለሁ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ሁለቱም ግን እየጠበቁኝ ነበር፤ ከብቶቹም።

እንዲህ አልኳቸው፦ «እኩል የምትካፈሉት አገዳውን ይሁን፤ ግማሹ ለከብቶቹ፣ ግማሹ ለመሬቱ፣ በቆሎው ግን ሙሉው የእሷ።»