ከነአፈሩ የተጣለ ችግኝ

ሽጌኖቡ ሠላሳ አራት ዓመት በኩሽኔታ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበር። አንዷ ኩሽኔታ በፀጉር ስፋት ከተዛነፈች ይጥላታል። አማቱ ቶኩጂ ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገቡ፣ በጃፓኗ ማትሱያማ ከተማ ያለው የአሳጋዎ አበባቸው በእሱ እጅ መውደቁ ለአበባው ትልቅ ዕድል ነበር፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ አሰበ።

አሳጋዎ ጎህ ሲቀድ ፈክቶ ቀትር ሳይደርስ የሚጠወልግ ሐረግ ነው። የሽማግሌው ግን ስልሳ ዓመት የተጠበቀ ልዩ ዘር ነው፤ አበባው ተተርትሮ እንደ ርችት ይንጠለጠላል። ሽጌኖቡ በግንቦት አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ዘራ፤ ትርፍ ዘር መሳቢያ ያዝረከርካል። መቶ ሃያ በቀሉ። የሠላሳ አንዱ ቅጠል ገና ከመነሻው የተጨማደደ ነበር፤ ልዩዎቹ እነዚያ ናቸው። ሰማንያ ዘጠኙ ተራ ነበሩ።

ሚስቱ ፉሚዬ «አባባ እኮ ተራዎቹንም ያሳድጋሉ» አለችው።

«አባትሽ ደግ ሰው ናቸው። ደግነት ግን የጥራት መለኪያ አይደለም።»

ተራዎቹን ነቅሎ በከረጢት ከተተና፣ ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ በሚጣልበት በዚያ ሰፈር፣ የሚቃጠለው በሚወሰድበት ቀን አወጣቸው።

ነሐሴ ላይ በአሳጋዎ ውድድር አንደኛ ወጣ። በጥቅምት ዘር ሊለቅም ወጣ። ሠላሳ አንዱንም ሐረግ ፈተሸ፤ አጉሊ መነጽር አምጥቶ ደገመ። አንድም ፍሬ የለም።

በዚያው ሳምንት ቶኩጂ በከዘራ እየተደገፉ ቤታቸው ገቡ።

«ተራዎቹስ?»

«አስወገድኳቸው፣ አባቴ። ጉድለት ነበረባቸው።»

«ጉድለቱስ አንተ ጋ ነው! ውቡ አበባ ወንዴ ሴቴውን ጌጥ አድርጎ ጨርሶታል፤ በምኑ ይውለድ? የሚወልድልን ተራው ነው። ባሕርይ ጥንድ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ተክሉ የዘር ሕዋሱን ሲሠራ ጥንዱን ይለያይና ለእያንዳንዱ አንዱን ብቻ በዕጣ ይሰጣል። ከሦስት ተራዎች ሁለቱ ያንን ውበት ደብቀው ይይዛሉ። ሁለት የተደበቁ ሲገናኙ ያሸለመህ ይወለዳል። እንደ ኩሽኔታህ በአንድ ቅርጽ አይወጣም፤ ልጅ ሁሉ አዲስ ዕጣ ነው። ይኸው ሁለቱ ልጆቼ ከአንድ እናት ከአንድ አባት ተወልደው፣ ብልህ ባል ያገባችው አንዷ ናት።»

ፉሚዬ ሳቋን በሻይዋ ዋጠችው። ሽማግሌው ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ስልሳ ዓመት!

«የት ጣልካቸው?»

«ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር።»

«ከነአፈራቸው?»

«ከነአፈራቸው።»

የቶኩጂ ፊት በራ። «ተመስገን፣ ደንብ ጥሰሃል! ወይዘሮ ኢዋሳ አፈር ያለበትን ከረጢት አያሳልፉም። ሩጥ! የየሐረጉን ዘር ለየብቻ ለቅመህ አምጣ፤ ከተደባለቀ የትኛው ውበቱን እንደደበቀ መለየት አይቻልም።»

ወይዘሮ ኢዋሳ የሰፈሩን ቆሻሻ የሚቆጣጠሩ ጎረቤት ናቸው። በግድግዳቸው ላይ የደረቀ ሐረግ ከነፍሬው ተንጠልጥሏል።

«አምስት ወር ሙሉ ጠበቅሁዎት» አሉ። «አፈር ይቃጠላል?»

«አይቃጠልም።»

«ነፍስ ያለው ነገር ስለሆነ ተከልኩት። ተራ ነው፤ ጥላው ግን ጥሩ ነው።»

«እባክዎ፣ ዘሩን ይስጡኝ።» ሽጌኖቡ ወገቡን እስከሚችለው አጠፈ።

«እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ የቆሻሻ አጣጣል ደንቡን ያንብቡልኝ፤ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ አድርገው።»

አሥራ ሁለት ገጽ አስጨበጡት። ማንበብ ጀመረ። እሳቸውም የሁሉንም ሐረግ ፍሬ እየሸመጠጡ በአንድ ሳህን መክተት ያዙ። እያንዳንዱ ለየብቻ ይቀመጥ ሊል ቀና አለ።

«ድምፅዎ ቀነሰ» አሉት።

ገና ገጽ አንድ ላይ ነበር።