የተቀደደው ድምፅ

«ነፍሱን ይማርና፣ ሽማግሌው በመኪናዬ ቴፕ ጉድ ሠርቶኝ ነው የሞተው» አለ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሾፌር፣ ወንበሩ ሳይሞቅለት ከጎኑ ላለው ሰው። «ቴፑን ከፍ ሳደርገው ድምፁ ይቀደዳል። እጁ ከድቶት ነበር መሰለኝ።»

የሟቹ ልጅ ሰማች። የመኪና ቴፕና ስፒከር መግጠምን ያስተማራት አባቷ ነው፤ በገዛ ለቅሶው ቤት ስሙ በክፉ ሲነሣ ቁጭ ብላ ልታዳምጥ? እንዴት ተደርጎ!

«ተነሥ፣ መኪናህን አሳየኝ።»

«ኧረ እህቴ፣ በሐዘንሽ ላይ?»

«ሐዘኔ የትም አይሄድም። ና ክፈትልኝ።»

ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ጋቢና ገባች። ቴፑ ዝቅ ሲል ጥርት ይላል፤ ከፍ ሲል ይንጫጫል። ግራና ቀኙን ስፒከር ለየብቻ ሞከረች፤ ሁለቱም ያው ናቸው። ሁለቱ በአንዴ አይበላሹም፣ እንግዲያው ጣጣው ለሁለቱም ድምፅ ከሚልከው ማጉያ ነው። ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ አየችው፤ የኃይሉም የቀጭኑ ድምፅም ማስተካከያ እስከ ጥግ ተጠምዝዟል።

«ማነው የነካካው? አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ? ምን አውቄ!»

እውነቱን ነው። አባቷ ሥራ ሲጨርስ ማንም እንዳይነካካበት ማስተካከያው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጋል። ቀለሙ አልተሰነጠቀም። እሷ ትንሽ ስታስጮኽ እጇን መታ የሚያደርጋት ሰው እስከ ጥግ ጠምዝዞ በቀለም አተመው? ይሄ ድምፅ ልክ የሚሆነው ለማን ነው?

ለማይሰማ ሰው።

ባለፈው ክረምት ማጉያ ላይ አጎንብሶ ሲሠራ ከኋላው ቆማ «አባዬ፣ የራሴን ሱቅ ልክፈት?» ብላው ነበር። ዝም አላት። አኮረፈኝ አለች፤ እሷም አኩርፋ ከረመች። ለካ ጆሮው ሄዶ ኖሯል፤ ባለሙያ ነውና አፍሮ ደበቃት።

«እና ጥፋቱ የማነው?» አለ ሾፌሩ።

መዋሸት ትችል ነበር። ቀለሙን በጥፍሯ ፍቃ ማስተካከያዎቹን መለሰቻቸው፤ ቴፑንም ከፍ አደረገችው። ድምፁ ኩልል ብሎ ወጣ።

«የአባቴ ነው። ጆሮው ደክሞ ነበር፤ እጁ ግን አልከዳውም። ገመዱን እየው፣ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ካገኘህ ጥራኝ። ከእንግዲህ ሲበላሽብህ ወደ እኔ ነው የምትመጣው።»

«አጃኢብ ነው!» አለ ሾፌሩ።

ወደ ቤት ስትመለስ ሰው ሁሉ ያንሾካሹካል። በሰዉ መሀል አልፋ ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ፎቶ ሄደች። አፏን ጆሮው ላይ አስጠግታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮኸች።

«አባዬ! ሱቅ ልከፍት ነው!»